ከተራራው ቀኑ ይቀድማል

ከዴንቨር ተነስቶ አንድ ቀን በረዶ ላይ ሲንሸራተት ለመዋል ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «የትኛው ተራራ ይሻላል?» ብሎ ነው። እኔ ግን መጀመሪያ ቀኑን ምረጡ እላለሁ። ወደ አብዛኞቹ የታወቁ መንሸራተቻዎች የሚወስደው ያው አይ-70 አውራ ጎዳና ነው። ቅዳሜ ጠዋት ሕዝቡ ሁሉ ወደዚያው ይጎርፋል፤ በ1973 የተከፈተው የአይዘንሃወር ዋሻም ያንን ሁሉ መኪና በጠባብ ጉሮሮው ለመዋጥ ይታገላል። ማክሰኞ ግን ያው መንገድ ቀለል ይላል፤ ተራራው ላይም ሰልፉ ያጥራል።

«ሥራስ?» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ ግን በፈረቃ የሚሠራ ሰው የእረፍት ቀኑ ብዙ ጊዜ በሳምንቱ መሀል ይውላል፤ ቅዳሜን በሥራ ማሳለፉ እዚህ ላይ ይክሰዋል። ከቅዳሜ ሌላ ቀን የሌለው ደግሞ ከዋሻው ወዲህ ያለውን የላቭላንድ መንሸራተቻ ይምረጥ፤ አለበለዚያ በበረዶው ወራት ከዴንቨሩ ዩኒየን ስቴሽን በሚነሳው ባቡር ዊንተር ፓርክ መንሸራተቻ ይውረድ። ሰልፉ የሚሸነፈው በፍጥነት ሳይሆን በዕቅድ ነው።