ሲጠብቅና ሲላላ

«ዓባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል» ይባላል። እኛ የኮልፌ ቀራንዮ ነዋሪዎች የምናውቀው ቦል ቫልቭ በየግቢው ቧንቧ ላይ የሚገኘውን፣ ሩብ ዙር ሲዞር የሚከፈተውን፣ ሲመለስ የሚዘጋውን ነው። ቢያንጠባጥብ ቧንቧ ሠራተኛው ጥርሱ ላይ ነጭ ቴፍሎን ይጠመጥምበታል፤ ነገሩም በዚያው ያልቃል። ለአርትስ ፋኩልቲ ተማሪ ከዚህ የበለጠ ዕውቀት ምን ይረባዋል?

ነገር ግን በአየር ጤና በኩል ሮኬት የሚያልሙ ሁለት የምሕንድስና ጓደኞች አሉን። ንድፋቸውን በወረቀት ላይ ከጨረሱ በኋላ፣ ለፈሳሹ ኦክሲጅን መክፈቻ ተራውን ቦል ቫልቭ ከመርካቶ እንግዛ፣ አንግዛ በሚል ተከራከሩ። አንደኛው ርካሽነቱን አነሣ፤ ሁለተኛው ሕይወታችንን አነሣ። ዳኝነቱም ለእኛ ደረሰ።

ክሱ ሦስት ነው። መጀመሪያ፣ ፈሳሽ ኦክሲጅን የሚፈላው ከዜሮ በታች በ183 ዲግሪ ነው። በዚህ ብርድ ተራ ጎሚኒ እንደ ብርጭቆ ይሰበራል። የኳሱ መቀመጫ የሆነው ቴፍሎን ደግሞ ከ100 እጅ 2 እጅ ያህል ይኮማተራል፤ ብረቱ ግን 0.3 እጅ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ በቤት ውስጥ ጠብታ የማያሳልፈው ቫልቭ በብርዱ ጊዜ ይላላል። መድኃኒቱ መቀመጫውን ከኋላው በሞላ ማስገፋት፣ የእጀታውንም ዘንግ አስረዝሞ ማሸጊያውን ከብርዱ ማራቅ ነው።

ሁለተኛ፣ ቫልቩ ሲዘጋ በኳሱ ሆድ ውስጥ ፈሳሽ ይቀራል። ይህ ሲሞቅ ጋዝ ሆኖ 860 እጥፍ ገደማ ልስፋ ይላል፤ መውጫ ካጣም ቫልቩን ያፈነዳዋል። ስለዚህ ኳሱ በታንኩ በኩል ትንሽ ቀዳዳ ይበሳለታል። እንዲህ ያለው ቫልቭ አቅጣጫ አለው፤ ተገልብጦ ቢገጠም ያፈሳል።

ሦስተኛ፣ ቅባት ነው። ቅባትና ፈሳሽ ኦክሲጅን ሲገናኙ አንድ ምት ብቻ ሊያፈነዳቸው ይችላል። ስለዚህ ቫልቩ ተፈትቶ ከቅባት ሁሉ መጽዳት አለበት።

ፍርዳችን እንዲህ ሆነ፤ በተራው ቫልቭ ኦክሲጅን አይነካም። ለዚህ ሥራ የተሠራው ቫልቭ ሲገኝም ሙከራው መጀመሪያ በፈሳሽ ናይትሮጅን ይሁን። ናይትሮጅን በ196 ዲግሪ ከዜሮ በታች የሚፈላ፣ እሳትም የማያቀጣጥል ነውና። ይሁን እንጂ በዝግ ክፍል ትንፋሽ ስለሚያሳጣ በሜዳ ላይ ይደረግ።

የተፈረደበት ጓደኛችን «እንዲህ እያልን መቼ ልንደርስ ነው?» አለ። ጥያቄው እኛንም ያሳምመናል። የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. በቻይናው ሎንግ ማርች 4ቢ ተሳፍራ ወጣች፤ የዚያ ሮኬት ነዳጅ ይህን ብርድ አይሻም። ሁለተኛይቱ ግን ታኅሣሥ 13 ቀን 2013 ዓ.ም. የወጣችበት ሎንግ ማርች 8 ፈሳሽ ኦክሲጅን የተሞላ ነበር። ደስ ብሎናል፤ ቢሆንም የእኛ ድርሻ ተሳፋሪነት ነበር፤ ቫልቮቹን የከፈቱና የዘጉ ሌሎች ናቸው።

ወንድሞችና እኅቶች፣ የሰው ሮኬት ላይ ከመሳፈር የምንወጣው በችኮላ አይደለም። በቋንቋችን «ይበላል» የሚለው ቃል ሲላላ በሊው ሰው ነው፤ ሲጠብቅ ግን ተበሊው ነው። በፊደል ጥብቀት በሊና ተበሊ ከተለዋወጡ፣ በአንዲት ቀለበት መላላት የሰው ሕይወት እንደሚጠፋ ለማመን ምሕንድስና መማር አያሻም። ጓደኞቻችን ንድፋቸውን አልቀደዱም፤ ከቫልቩ ጀምረው እንደገና እየሣሉት ነው።