«ስታገቢ ይጠፋል»

«ብጉርሽ ስታገቢ ይጠፋል» ያልተባለች እህት ያለች አይመስለኝም። እኔ ካገባሁ ሦስት ዓመት አለፈኝ፤ ብጉሩ ግን አገጬን አልለቀቀም። እንዲህ ሲሆን የሰው ሐሜት ወደ ትዳር ይገባል፤ አንዱ «ባሏ አይወዳት ይሆን?» ሲል፣ ሌላው ንጽሕና ጎድሏት ነው ይላል።

እውነቱ ግን ሌላ ነው። በቆዳችን ውስጥ ወዝ የሚያመነጩ ዕጢዎች አሉ። እነርሱን የሚያነቃቃቸው በወንድም በሴትም ሰውነት ውስጥ የሚገኘው አንድሮጅን የተባለ ሆርሞን ነው። ሆርሞኑ ሲበዛ ወይም ዕጢዎቹ ከልክ በላይ ሲታዘዙለት ወዙ ይበረክታል፤ ከሞቱ የቆዳ ሕዋሳት ጋር ተደባልቆ ቀዳዳውን ይደፍናል፤ በውስጡ ባክቴሪያ ይራባል፤ ቆዳውም ይቆጣል። የብዙ ሴቶች ብጉር ከወር አበባ በፊት የሚብሰውም ከሆርሞን መለዋወጥ የተነሣ ነው። ጋብቻ ይህን አይለውጠውም። ፊትን በሳሙና መፈተግ ያባብሰዋል፤ ስቴሮይድ ያለባቸው የፊት ማቅያ ቅባቶችም ራሳቸው ብጉር ያመጣሉ።

ከብጉሩ ጋር የወር አበባዋ የሚዛባባትና አገጯ ላይ ጠጉር የሚበቅልባት እህት ሐኪም ትይ። ምክንያቱ እርግዝናን የሚያዘገይ የሆርሞን መዛባት ሊሆን ይችላል፤ ሕክምናም አለው። ለመውለድ ያሰበችም ይህን ለሐኪሟ ትንገር፤ አይሶትሬቲኖይን የተባለው የብጉር መድኃኒት ጽንስን ይጎዳልና። መጸለይና መታከም አይጣሉም።

ባሎች ሆይ፣ ሚስታችሁ መስተዋት ፊት ስታዝን ዝም አትበሉ። ባለቤቴ ሐኪም ዘንድ አብሮኝ ሄዶ አጠገቤ መቀመጡ ከመድኃኒቱ ባላነሰ ረድቶኛል።

ጌታ ትዳራችሁን ይባርክ።