ባለቤቴ የደበቀኝ ብርጭቆ

ባለፈው መስቀል፣ እኛ ከምባታዎች መሳላ በምንለው በዓል፣ ደቡብ አፍሪካ የሚኖረው ሁለተኛው ልጄ ከስድስት ዓመት በኋላ ሺንሺቾ መጣ። ከዚያ የሚመጣ ልጅ ባዶ እጁን እንደማይመጣ የአካባቢያችን ሰው ያውቀዋል። ለእኔ ጫማ፣ ለልጅ ልጆቼ ልብስ፣ ለአባቱ ደግሞ አንድ ካርቶን ጥቁር ቸኮሌትና በቆርቆሮ የታሸገ የካካዎ ዱቄት ይዞ ነበር። «አባዬ፣ ይሄ ለግፊት ነው። የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ አጥንቶታል» አለው። እኔ ክትፎ እያዘጋጀሁ ነበርና ሰምቼ ሳቅ ብዬ አለፍኩ። ያ ሳቅ ብዙ ሊያስከፍለኝ ነበር።

የልጆቼ አባት የደም ግፊት ከተገኘበት ዘጠኝ ዓመት አልፎታል። መድኃኒቱ በቀን አንድ ፍሬ አምሎዲፒን ነው። እኔ በዲፕሎማ የተመረቅሁ ነርስ ነኝ። ሠላሳ አራት ዓመት በጤና ጣቢያና በሆስፒታል ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። ሰፈሩ ዛሬም «ሲስተር» ነው የሚለኝ፤ የጎረቤቱን ሁሉ ግፊት እለካለሁ። ለራሴ ባል ግን ጠዋት ጠዋት «ኪኒንህን ወሰድክ?» ብሎ መጠየቅ በቂ መስሎኝ ነበር። «ወሰድኩ» ይለኛል፤ አምነዋለሁ።

ኅዳር ሊወጣ ሲል አንድ ጠዋት ቡና እየጠጣን ሳለ ስኒው ከቀኝ እጁ ወደቀ። ቀና ብዬ ሳየው አፉ በአንድ በኩል ዘመም ብሏል። ሊናገር ሞከረ፤ ቃሉ ተሳሰረ። ይህን ምልክት ለስንት ቤተሰብ አስተምሬያለሁ። በዚያች ደቂቃ ግን እግሬ አልነሳ አለኝ። የጎረቤት ልጅ ባጃጅ ጠርቶልን ሆስፒታል ደረስን። ግፊቱ 200 በ110 ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ቀትር ሳይሆን እጁም አንደበቱም ተመለሰ። ወጣቱ ሐኪም «ሲስተር፣ ይህ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ቀጣዩ እንዲህ ላያልፍ ይችላል። መድኃኒታቸውን ይወስዱ ነበር?» ሲል ጠየቀኝ። «አዎ» አልኩ። መዋሸቴ አልነበረም፤ እንደዚያ ነበር የማውቀው።

በማግስቱ ቤት ስንመለስ ልብሱን ላጥብ ብዬ የኮቱን ኪስ ስፈትሽ ያልተነካ የኪኒን ማሸጊያ አገኘሁ። ሳጥኑን ስከፍት ሌላ። የሁለት ወር መድኃኒት እንዳለ ተቀምጧል። ለካ ጠዋት የካካዎውን ዱቄት፣ ማታ ደግሞ ከገበያ የገዛውን የሽፈራው ቅጠል ዱቄት በሙቅ ውኃ እየበጠበጠ ይጠጣ ነበር። እኔ ስገባ ብርጭቆውን ከአልጋ ሥር ያስቀምጠዋል።

«ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት።

«ትጮኺብኛለሽ ብዬ» አለኝ።

ከዚያ ሁሉ ድንጋጤ ይልቅ ይህች ቃል ናት ውስጤ የቀረችው። እውነቱን ነዋ! ሥራ በጀመርኩበት ዘመን፣ መስቀል ባለፈ ቁጥር ጥሬ ሥጋ በልተው የኮሶ ትል የያዛቸው ሰዎች ይመጡ ነበር። አንድ አባት በሳምንት ውስጥ ሁለት ጊዜ ኮሶ ጠጥተው፣ ዓይናቸው ብዥ ብሎባቸው መጡ። ኮሶ ትሉን የሚያስወጣ እውነተኛ መድኃኒት ነው፤ ሲበዛ ደግሞ ዓይንን እስከ መጉዳት የሚደርስ መርዝ ነው። እኔ ይህን በማስረዳት ፈንታ በሰው ሁሉ ፊት ጮኽኩባቸው። ከዚያ በኋላ «ሌላ የወሰዳችሁት ነገር አለ?» ስል ወረፋ የያዘው ሁሉ «ምንም» ይለኝ ጀመር። ለዓመታት «ምንም» የሚለውን መልስ በካርድ ላይ ስጽፍ ኖርኩ። ስንቱ እውነት እንደነበር እንጃ። ያው «ምንም» በስተርጅና ቤቴ ድረስ መጣ።

ስለዚህ በዚህ ጊዜ አልጮኽኩም። ዱራሜ የምታስተምረው ልጃችን ጥናቱን ፈልጋ አመጣችና ሦስታችን ቁጭ ብለን አነበብነው።

ልጄ ለአባቱ የነገረው ጥናት እውነት ነበር። ኮስሞስ ይባላል። የመሩት በቦስተን ከተማ የሚገኘውና የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ የሆነው ብሪገም ኤንድ ዊመንስ ሆስፒታል ተመራማሪዎች ናቸው። 21,442 ሰዎች ተሳትፈውበታል፤ ሴቶቹ ከ65፣ ወንዶቹ ከ60 ዓመት በላይ ናቸው። ከፊሎቹ በቀን 500 ሚሊ ግራም ፍላቫኖል የተባለ የካካዎ ንጥረ ነገር ያለበት ካፕሱል ሲወስዱ፣ ሌሎቹ መልኩ ተመሳሳይ ሆኖ ንጥረ ነገሩ የሌለበትን ወሰዱ። ሦስት ዓመት ተኩል ያህል ከተከታተሏቸው በኋላ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2022 ታተመ። የልብ ድካምና ስትሮክን ጨምሮ አጠቃላይ የልብና የደም ሥር ሕመሙ በጉልህ አልቀነሰም። በልብና ደም ሥር ሕመም የሞቱት ሰዎች ቁጥር ግን በ27 በመቶ አንሶ ተገኘ። ተስፋ ሰጪ ነው፤ ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ግን ተጨማሪ ጥናት ያስፈልገዋል ብለዋል። ለጥናቱ ድጋፍ ካደረጉት አንዱ ቸኮሌት የሚያመርተው ማርስ ኩባንያ መሆኑንም ማወቅ ጥሩ ነው።

ባለቤቴ ዝም ብሎ ሲያዳምጥ ቆይቶ «ታዲያ እኔ ምን አጠፋሁ?» አለ። ያጠፋው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ እነዚያ ሰዎች የወሰዱት ተመዝኖ የተዘጋጀ ካፕሱል ነው። የካካዎ ፍሬ ሲቦካ፣ ሲቆላና ሲፈጭ አብዛኛው ፍላቫኖል ይጠፋል፤ በሱቅ ቸኮሌት ውስጥ ደግሞ ስኳርና ስብ ይጨመርበታል። ሁለተኛና ዋናው፣ ካፕሱሉ በግፊት ኪኒን ምትክ የተሰጠ አልነበረም።

ሽፈራውንም አየነው። ኮንሶዎችና ጋሞዎች ቅጠሉን እንደ ጎመን ቀቅለው ሲበሉት የኖሩት ምግብ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች የቅጠሉን ጭማቂ በአይጦች ላይ ሞክረው ግፊት እንደሚቀንስ እ.ኤ.አ. በ2016 አሳትመዋል። ይህ የሚያኮራ ሥራ ነው። አይጥ ግን አይጥ ነው። ከአይጥ እስከ ሰባ ዓመት ሽማግሌ ድረስ ረጅም መንገድ አለ፤ ስንት ማንኪያ፣ ለስንት ጊዜ፣ ከየትኛው ኪኒን ጋር የሚለው ገና መልስ ይፈልጋል።

ዕፅዋትን አልንቅም። የተሰበረ አጥንት ላለበት ሰው ከእንሰት ዓይነቶች መርጠው አሚቾውን ቀቅለው በወተት በሚያበሉ እናቶች መካከል ነው ያደግሁት። በኋለኛው የሥራ ዘመኔ በየቆላ ቀበሌው ለወባ ስሰጠው የነበረው ኮአርተምም መነሻው የቻይና ዕፅ ነው። ቻይናዊቷ ተመራማሪ ቱ ዩዩ ቅጠሉን በከፍተኛ ሙቀት ሲያዘጋጁት ኃይሉ እንደሚጠፋ የጠረጠረችው አንድ ጥንታዊ መጽሐፍ በውኃ ዘፍዝፎ መጭመቅን ሲያዝ አይታ ነው። በአነስተኛ ሙቀት አወጣችውና እ.ኤ.አ. በ2015 የኖቤል ሽልማት አገኘች። ያው ቅጠል፣ አዘገጃጀቱ ሲለወጥ ፈውስ ሆነ።

የእኛው ዶክተር አክሊሉ ለማም እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አየ። የብልሃርዚያን በሽታ የሚያስተላልፉት እነዚህ ቀንድ አውጣዎች ናቸው። የእንዶዱን አረፋ በሕይወት ባሉት ላይ ሞከረው፤ ሞቱ። ከባልደረባው ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር ዓመታት ለፍተውበት እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። እኔን የሚገርመኝ የሥራው መጀመሪያ ነው። ዶክተሩ የሴቶቹን እንዶድ አልናቀም፤ ቆሞ አየ፣ ከዚያ መረመረ። እኔ ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ቆሜ አለማየቴ ቆጨኝ።

አሁን ቤታችን ውስጥ ሥርዓት ለውጠናል። ጠዋት ኪኒኑን የሚወስደው እኔ እያየሁ ነው፤ እኔም የስኳሬን ኪኒን እሱ እያየኝ እውጣለሁ። በሳምንት ሁለት ጊዜ እለካዋለሁ፤ ቁጥሩን በደብተር የሚጽፈው ራሱ ነው። ሽፈራው አልተከለከለም፤ እሑድ እሑድ እንደ ጎመን ይሠራል፤ ሐኪሙም ያውቃል። ቸኮሌቱን የልጅ ልጆቻችን ቁራጭ ቁራጭ እየተካፈሉ ጨረሱት። አንድ ከባድ ውሳኔ ግን ነበር፤ ጨውና ቅቤ የገባበት ቡናችን። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ይላል፤ ከምግቡ ሁሉ ተደምሮ አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም። እኛ በስኒ ስኒው ስንጨምር ነው የኖርነው። ጨውን ከቡና ማስወጣት ከኪኒኑ በላይ አከራክሮናል፤ አሁን ለምደነዋል።

እናቶችና አባቶች፣ በተለይ ወላጆቻችሁ ግፊት ወይም ስኳር ያለባቸው ልጆች፣ ዛሬ ማታ አንድ ነገር አድርጉ። «ኪኒንህን ወሰድክ?» ብላችሁ ብቻ አትለፉ። «ከኪኒኑ ሌላ የምትጠጣው ነገር አለ? እስቲ አሳየኝ፣ እኔም ልቅመሰው» በሉ። ቅጠልም ይሁን ዱቄት ወይም ከውጭ የመጣ እንክብል፣ ለሐኪም ሲሄዱ ይዘውት እንዲሄዱ አድርጉ። አፍ ከተዛባ፣ እጅ ከዛለ ወይም ቃል ከተሳሰረ ደግሞ እስኪሻለው ብላችሁ ሳትጠብቁ ያኔውኑ ወደ ሆስፒታል ሩጡ።

በጥር ልጄ ከደቡብ አፍሪካ ደወለ። «እማዬ፣ ቸኮሌቱ ለአባዬ ጠቀመው?» አለኝ። ስልኩን ለአባቱ አቀበልኩት፤ እሱ ይንገረው ብዬ። ባለቤቴ ትንሽ አሰበና «ልጄ፣ ጠቅሞኛል። እናትህ ጩኸት አቁማለች» አለው።