ዋንዛው ይሸጥ?

አምና ጥር ላይ እማዬ ከዲላ ደወለችና ሰላምታውን በቅጡ ሳትጨርስ «ዋንዛውን ልሸጠው ነው» አለችን። እኛ ሦስት እህትማማቾች አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ስልኩን መሐላችን አስቀምጠን ባንድ አፍ ጮህን። የቱን ዋንዛ? የጓሮውን? የአባዬን?

«ሌላ ዋንዛ አለን እንዴ?»

እውነቱን እንናገርና እኛ ስለ ዛፍ አፋችንን የምንከፍት ሰዎች አልነበርንም። በረንዳችን ላይ በቀለም ባልዲ የተከልናቸው ሁለት አበቦች አሉ፣ አንዱ ደርቋል። ታናሻችን ደግሞ በኮሪያ ድራማ ያየችው ማግኖሊያ ልቧን ወስዶት ከርሟል። ቅጠል ገና ሳያወጣ ባዶ ቅርንጫፉ ላይ ሲኒ የሚያህል አበባ የሚደረድር ዛፍ ነው። አንድ ጊዜ «ጓሯችን ላይ እንትከለው» ብላ ፎቶውን ብታሳያት እማዬ ስልኩን ራቅ አድርጋ አየችውና «ያምራል። ምን ይሰጣል?» አለች። አበባ። «ከአበባው በኋላስ?» ዝም!

ቤታችን ከዲላ ወደ ወናጎ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ጌዴኦ ውስጥ ጓሮ ሲባል ሣርና ጽጌረዳ እንዳይመስላችሁ። ከላይ ዋንዛና ብርብራ፣ ከሥራቸው እንሰት፣ በእንሰቱ መሐል ቡና፣ እግራቸው ሥር ጎደሬና ጎመን። ሥራ ፈት የለም። ብርብራ የባቄላ ዘመድ ስለሆነ መሬቱን ናይትሮጅን ያበላል፤ የረገፈ ቅጠሉም አፈር ይሆናል። ዋንዛው ቡናውን ከፀሐይ ይከልላል። ነጭ ሆኖ ሲያብብ ንብ ያብዳል (ማግኖሊያ ፍለጋ ኮሪያ ድረስ የሄድነው ይህን እያየን አድገን ነው)። ቢጫ ፍሬውን ልጅ ሆነን ጣታችን እየተጣበቀ በልተነዋል። ሲጎለምስ ደግሞ ጣውላ ነው፦ በር፣ አልጋ፣ ሙቀጫ። ይቺን የመጨረሻዋን እኛ ሁልጊዜ እንዘላታለን።

መስከረም 2016 ዩኔስኮ የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ፌስቡካችንን ያየ ሰው መዝጋቢዎቹ እኛ እንመስለው ነበር። የለጠፍነው ፎቶ ላይ ያ ዋንዛ ከነግርማው አለ። ስለዚህ ስልኩ ላይ ጮኸን ስናበቃ ንግግር አደረግን፤ ቅርስ ነው አልን፣ የአየር ንብረት አልን፣ የአባዬ መታሰቢያ አልን። እማዬ እስክንጨርስ ጠበቀችና «አባታችሁ ሲታመም የተበደርነው አልተከፈለም። ታዲያ እናንተ ላኩልኛ» አለች።

ሦስት ዲግሪ ቁጭ ብሎ ተያየ። ወሩ ገና አጋማሹ ላይ ነበር፣ እኛ ዘንድ ግን ካለቀ ሰንብቷል።

ቅዳሜ ተሳፍረን ወረድን። ለመከልከል ይሁን ለመሰናበት ራሳችንም አናውቅም። ቡናው ተለቅሞ አልቆ ስለነበር ጊዜው ለመቁረጥ የተመረጠ ነበር፤ ይህንንም የተረዳነው እዚያ ስንደርስ ነው። እኛ ዛፍ የሚቆረጠው ከሥሩ ይመስለን ነበር። ቆራጩ ግን ገመድና መጥረቢያ ይዞ ጫፉ ድረስ ወጣና ከላይ ወደ ታች ቅርንጫፉን አንድ በአንድ እየቆረጠ ያወርደው ጀመር። እማዬ ታች ቆማ በእጇ ታሳያለች፦ «ወዲህ! እሱ እንሰት ገና ሁለት ዓመቱ ነው!» ግንዱ የወደቀው እሷ ባለችው ቦታ ነው። ሁለት እንሰትና አንድ የቡና እግር ተሰበረ። አንዲት ጠብታ እንባ ካየን ብለን ፊቷን ስንጠብቅ እሷ የቡናውን ስብራት ጎንበስ ብላ እየመረመረች ነበር። ያለቀስነው እኛ ነን።

ከሰዓት በኋላ ጓሮው ራቁቱን የቆመ መሰለ፤ ፀሐዩ መሬት ላይ ተዘርግቷል። ጎረቤታችን፣ የአባዬ ጓደኛ፣ መጡና «እዚች ክፍት ቦታ ላይ ባህር ዛፍ ጣል ብታደርጊ ቶሎ ብር ይሆንሻል፤ ጫትም ይሆናል» አሏት። ክፉ ምክር አልነበረም፣ እሳቸው ራሳቸው አድርገውት ልጆች አስተምረዋል። መሬቱ ለልጅ ልጅ እየተከፋፈለ እያነሰ ሲሄድ ሰው ምን ያድርግ? እማዬ ግን «ባህር ዛፍ ውሃውን ጠጥቶብኝ ቡናዬ በምን ይኑር ጋሼ?» አለችና ቡና አፈላችላቸው።

ማታ ላይ ታናሻችን ኮስተር ብላ «አባዬ የተከለውን እኮ ነው» ብትል እማዬ ሳቀች። አባዬ አልተከለውም! ፍሬው ወድቆ ራሱ በቅሎ፣ ታላቃችን በተወለደች ዓመት አባዬ ጓሮውን ሲያርም አይቶ ተወው። ከጎኑ የበቀሉትን ነቅሎ እሱን አስቀረ። በቃ፣ የኛ ታላቅ ታሪክ ይኸው ነበር።

ክረምቱ ከገባ በኋላ እማዬ እንደገና ደወለች። ዕዳው ተከፍሏል፣ ጥቂትም ተርፎ የጣሪያው ቆርቆሮ ተቀይሯል። ጉቶው አጠገብ፣ ብርሃኑ የገባበት ቦታ ላይ፣ ሦስት የዋንዛ ችግኞች ወጥተዋል። የሚቀረው አንድ ነው። የጎረቤት ልጅ ፎቶ አንስቶ ላከልንና ስልኩን መሐል አስቀምጠን ተከራከርን። ታናሻችን ቀጥ ያለውን አለች። ሁለታችን ደግሞ ከቡናው ራቅ ያለውን። እማዬ «እስከ እሑድ ተስማሙ፣ እሑድ አርማለሁ» ብላ ዘጋችው። ዛሬ ዓርብ ነው።