ሦስት ቅዳሜዎች

አክስቴን ከዚያ ሥራ ተቋራጭ ጋር ያገናኘኋት እኔ ነኝ። ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ በተዘጋጀ የእንቁጣጣሽ ምሽት ላይ ግጥም አንብቤ ከመድረክ ስወርድ እጄን ጨብጦ፣ «ወንድሜ፣ አስለቀስከኝ» አለኝ። ቀጥሎም የሥራ ካርዱን ሰጠኝ፤ የሜሪላንድ የፈቃድ ቁጥሩ ተጽፎበታል። ግጥሜን የወደደ ሰው የሰው ቤት ያበላሻል ብሎ ማን ይጠረጥራል? (እንዲህ ያለውን ነገር የምናምን ገጣሚ ነን ባዮች ብቻ ሳንሆን አንቀርም።)

እቴቴ ምድር ቤቷን አሳድሳ ለማከራየት በ24,000 ዶላር ተዋዋለች። በሜሪላንድ ሕግ ተቋራጭ ውል ሲፈረም ከጠቅላላው ዋጋ ከአንድ ሦስተኛ በላይ መቀበል አይፈቀድለትም፤ እርሱም ልክ 8,000 ተቀበለ። ግድግዳው ሲቆም 10,000 ጨመረችለት። ከዚያ ወዲያ ስልክ ማንሳት ተወ። በመጀመሪያው ብርቱ ዝናብ ውሃ በአዲሱ ግድግዳ ሥር ገባ፤ ጂብሰሙ አበጠ፣ ሻገተ። ጥግ ላይ በካርቶን ተቀምጦ የነበረው፣ አያቴ ፈትላ ያሠራችላት ጋቢም አብሮ ራሰ።

የእኛ ሰው የመጀመሪያ ችሎት መቼም ሽምግልና ነው። ሁለት የቤተ ክርስቲያን አባቶችና አንድ ጡረተኛ መምህር ሳሎኗ ተቀመጡ። «የሀገር ልጅ ነው፤ ለፈረንጅ አሳልፈሽ አትስጪው» አሏት። ሰውየው ከመቀመጫው ተነሥቶ ይቅርታ ጠየቀ፤ ቅዳሜ መጥቼ አስተካክላለሁ አለ። እቴቴ ቅዳሜ ጠዋት ቡና አፍልታ ጠበቀችው። አልመጣም። ሽማግሌዎቹ እንደገና ተሰበሰቡ፤ ሌላ ቅዳሜ ተቀጠረ። ከዚያም ሦስተኛ ቅዳሜ።

የሜሪላንድ የቤት እድሳት ኮሚሽን የዋስትና ፈንድ እንዳለው የሰማሁት ያን ሰሞን ነው። ፈቃድ ያላቸው ተቋራጮች የሚያዋጡት ገንዘብ ሲሆን፣ ሥራው ተበላሽቶ ወይም ተጀምሮ ቀርቶ ለተጎዳ ባለቤት ከ2022 እ.ኤ.አ. ወዲህ እስከ 30,000 ዶላር ይከፍላል። ፈቃድ የሌለውን ያሠራ ከዚያ ሳንቲም አያገኝም። ጉዳቱ ከታወቀ በ3 ዓመት ውስጥ ማመልከት ግድ ነው። የባንክ ጸሐፊ ነኝና የተመነዘሩትን ቼኮች ግልባጭ ከፊትና ከጀርባው በቀናቸው ተራ አያያዝኩላት።

ወራት አልፈው ጉዳዩ ወደ አስተዳደር ችሎት ጽሕፈት ቤት ተመራና ከባልቲሞር በስተሰሜን ወዳለችው ሀንት ቫሊ ተጠራን። ግርማ ያለው አዳራሽ ጠብቄ ነበር። የገባንበት ግን የመሥሪያ ቤት መሰብሰቢያ የሚመስል ክፍል ነው፤ ባንዲራ፣ ጠረጴዛ፣ የድምፅ መቅጃ። ከዳኛዋ ፊት በአንድ በኩል እቴቴ፣ በሌላው ተቋራጩ፣ በመካከል ደግሞ የፈንዱ ጠበቃ። ጠበቃዋ የኛም የእርሱም ወገን አይደለችም፤ የፈንዱን ገንዘብ ነው የምትጠብቀው። ምስክር ስለሆንኩ ማስተርጐም አልተፈቀደልኝም፤ አስተርጓሚ መደቡልን። እቴቴ፣ «እግዜር ያሳያችሁ» ስትል ሰውየው ለአፍታ ዝም አለ፤ ያወጣት እንግሊዝኛ ምንም አላሳየችም።

ተቋራጩ የተከላከለው በአንድ ቃል ነው፤ «ላስተካክል ብዬ ነበር፣ እምቢ አለችኝ።» ቀላል ነገር አይደለም። ተቋራጭ በቅን ልቦና ጉዳዩን ልፍታ ሲል ባለቤቱ ያለ በቂ ምክንያት ከገፋው፣ ኮሚሽኑ ጥያቄውን ሊከለክል ይችላል። እንግዲህ የኛ ሽምግልና፣ ያ የቡናው ነገር፣ የክርክሩ እንብርት ሆነ።

መምህሩ አንድ ሳምንት ሙሉ ሲሟገቱኝ ሰንብተዋል። «ሽምግልና ላይ የተነገረ ከቤት አይወጣም» ይሉ ነበር። ቢሆንም መጡ፤ እጃቸውን አንሥተው ማሉ። ሦስቱን ቅዳሜዎች በቀን በቀናቸው፣ የተማሪ ስም እንደሚጠሩ ያህል አንድ በአንድ ተናገሩ። ወደ ሰውየው ግን አንድ ጊዜ እንኳ አላዩም። እርሱም ጥያቄ እንዳለው ሲጠየቅ «የለኝም» ብሎ አቀረቀረ።

በመጨረሻ ዳኛዋ፣ የቀረ ነገር አለ ወይ? ብላ ጠየቀች። እቴቴ ከፌስታል ውስጥ ጋቢውን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ጠበቃዋ በለሰለሰ ድምፅ፣ ፈንዱ የሚከፍለው ለተበላሸው ሥራ ማስተካከያና ማስጨረሻ ብቻ መሆኑን፣ በዚያ ሰበብ ለጠፋ ንብረት እንደማይከፍል አስረዳች። ዳኛዋ ጋቢውን ጥቂት ተመለከተችና «አይቼዋለሁ» አለች። መቅጃው ላይ የቀረው ይኸው ነው። የነጠላና የጋቢ ልዩነት እንኳ እንዲተረጐምላት ለመጠየቅ ከንፈሬ ተንቀሳቅሶ ነበር፤ ተውኩት።

ስሌቱ አጭር ነው። የከፈለችው 18,000፣ ሌላ ተቋራጭ አርሞ ለመጨረስ የጠየቀው 15,500፤ ድምሩ 33,500። የውሉ ዋጋ 24,000 ሲቀነስ 9,500 ይቀራል። የዳኛዋ የውሳኔ ሐሳብ በፖስታ ሲደርስ ወጥ ቤት ተቀምጠን አነበብኩላት። የሁለት ዓመት ጭንቀቷ ቁጥር በተሰጣቸው ዐረፍተ ነገሮች ተደርድሯል። አንድም ቅጽል የለበትም። ሦስቱ ቅዳሜዎች ሦስት መስመር ይዘዋል። እውነቱን ልናገርና ቀናሁ፤ እኔ በዚያ ጉዳይ ላይ የጀመርኳት ግጥም አራተኛ ስንኝ ላይ በእንባ ተውጣ ቀርታለች።

ኮሚሽኑም አጸደቀው። ተቋራጩ ገንዘቡን ከነወለዱ ለፈንዱ እስኪመልስ ፈቃዱ ታግዷል።

«ታዲያ እስከዚያ ልጆቹን በምን ያበላል?» አለች እቴቴ። ከፍሎ ሲጨርስ ፈቃዱ ሊመለስለት እንደሚችል ነገርኳት። «እንዲያ ከሆነ ይሁን» ብላ ወረቀቱን አጣጥፋ ጋቢው በነበረበት ፌስታል ውስጥ ከተተችው። ጋቢውን ሦስት ጊዜ አጥባዋለች፤ ጥቁሩ ነጠብጣብ ከጥለቱ አልወጣም። ብርድ ሲሆን ትለብሰዋለች።

የእንቁጣጣሹ ምሽት አዘጋጆች ዘንድሮም ግጥም እንዳነብ ጠይቀውኛል። እሺ ብያለሁ። እርሱ ይመጣ እንደሆነ ግን አልጠየቅኋቸውም።