ዘንግና ክር በፖቶማክ ወንዝ ዳር

ከዋሽንግተን ከተማ በታች ያለውን የፖቶማክ ወንዝ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ ሰው ወንዝ ነው ብሎ ለማመን ይቸገራል። ወዲያ ሜሪላንድ፣ ወዲህ ቨርጂኒያ፣ መካከሉ ሐይቅ ያክላል። ውኃው ጨው ባይኖረውም ከታች ከቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ በሚመጣው የባሕር ግፊት በቀን ሁለት ጊዜ ከፍ፣ ሁለት ጊዜ ዝቅ ይላል። ሲጎድል የዳርቻው የውኃ ሣር ብቅ ይላል፤ ሲሞላ ተመልሶ ይሰወራል። ባስ የሚባለው አፈ ሰፊ ዓሣ የሚያደፍጠው እዚያ ሣር ጫፍ ላይ ነው። ውኃው ሲሸሽ አብረው የሚወጡትን ትንንሽ ዓሦች ይጠብቃል፤ አላህ (ሱ.ወ.) ሲሳዩን የሚያደርስለት በዚህ መንገድ ነው።

ወደዚያ አገር የወሰደን ዓሣ አልነበረም። በ2016 ዓ.ም. ክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ አሌክሳንድሪያ የሚኖር ዘመዳችንን ልንጠይቅ ሄድን። ዘመዳችን የወሎ ሐይቅ ልጅ ነው። ሌሊት ታክሲ ይነዳል፤ ቀን ይተኛል። የ14 ዓመት ልጁ የሚነቃው እርሱ ሲተኛ ነው። በአንድ ጣሪያ ሥር እየኖሩ የሚነጋገሩት በር ላይ ሲተላለፉ ብቻ እንደሆነ ለማስተዋል ሁለት ቀን በቃን። በሦስተኛው ቀን ግን ተነጋገሩ፤ ያውም በጩኸት።

ልጁ አንድ ወረቀት አምጥቶ ነበር። ሁለት የማጥመጃ ዘንግ፣ ሁለት ማጠንጠኛ፣ ሦስት ዓይነት ክር፣ አንድ ሣጥን ሙሉ የፕላስቲክ ትልና እንቁራሪት ተዘርዝሮበታል። ድምሩ ከ400 ዶላር ያልፋል። አባት ወረቀቱን ይዞ ወደኛ ዞረ።

«ሐይቅ ላለችው እናቴ ይህ የስንት ወር ቀለብ ነው? ደግሞ እኮ ዓሣውን አይበሉትም፤ አውጥተው ፎቶ አንስተው መልሰው ይጥሉታል። አንተ ቀርተሃል፤ እስቲ ፍረድ።»

መፍረድ ከባድ ነው። የውኃ አደን ሐላል መሆኑ በሱረቱል ማኢዳህ አንቀጽ 96 ላይ የተገለጸ ስለሆነ በዚህ የሚከራከር የለም። ነገር ግን ነፍስ ያለውን ፍጡር የጨዋታ ዒላማ ማድረግን ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) መከልከላቸውንም ተምረናል። የምንሰጠው ምክር የአስተማሪ ምክር እንጂ ፈትዋ አለመሆኑን አስቀድመን ተናግረን፣ ኒያው ለመብላት ይሁን፣ የሚመለሰውም ሕጉ መልሱ ያለው ወይም ለምግብ የማይበቃው ትንሹ ብቻ ይሁን አልን። ስለ ገንዘቡ ደግሞ የተሟገትነው በልጁ በራሱ እውቀት ነበር። በዓለም ትልቁ የተባለውን ባስ ማን እንደያዘ ጠየቅነው። ሳያመነታ መለሰልን፦ ጆርጅ ፔሪ፣ በጁን 2 ቀን 1932፣ በጆርጂያ ግዛት፣ 22 ፓውንድ ከ4 አውንስ። ወደ 10 ኪሎ መሆኑ ነው። በ2009 አንድ ጃፓናዊ በቢዋ ሐይቅ እኩል የሚሆን ከመያዙ በቀር እስካሁን በግልጽ የበለጠው የለም። «ፔሪ ምን አደረገው?» አልነው። ልጁ ሳቀ። ሰውየው በዚያ የድህነት ዘመን የነበረ ወጣት ገበሬ ነው፤ ዓሣውን አስመዝኖ ወደ ቤቱ ወሰደውና ከቤተሰቡ ጋር በላው።

ስለዚህ አንድ ዘንግ እንዲገዛ ተስማምተን ሦስታችንም ወደ መደብሩ ሄድን።

ውድ አንባቢያን፣ እንዲህ ያለ መደብር ውስጥ የገባ ሰው ዓይኑ የሚያርፈው በዋጋው ላይ ነው። መነበብ ያለበት ግን ከዘንጉ እጀታ በላይ በትንንሽ ፊደላት የተጻፈው ነው። ዘንጉ ከስንት እስከ ስንት ፓውንድ የሚችል ክር እንደሚሸከም፣ ምን ያህል የሚመዝን ማታለያ እንደሚወረውር እዚያው ላይ ሰፍሯል። ለባስ 7 ጫማ ያህል፣ ማለትም ሁለት ሜትር ከጥቂት የሆነ፣ ጫፉ ለስላሳ ወገቡ ብርቱ ዘንግ ይስማማል። ማጠንጠኛው ሁለት ዓይነት ነው። ከዘንጉ በላይ የሚቀመጠው በተለማመደ እጅ ዒላማ አይስትም፤ በጀማሪ እጅ ግን ክሩ ይተበተብና ግማሹ ቀን በመፍታት ያልቃል። ከዘንጉ በታች የሚንጠለጠለው ይቅርታው ብዙ ነውና ያንን መረጥን።

ከማታለያዎቹ መካከል ለስላሳውን የፕላስቲክ ትል አንሥተን አየነው። መንጠቆው ትሉ ሆድ ውስጥ ስለሚደበቅ ሣር አይይዝም። ሕያው ትል ወይም ትንሽ ዓሣ መንጠቆ ላይ ሰክቶ ከማሰቃየትም ያድናል፤ ለኛ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። የእንጨት ዓሣ መስለው ባለ ሦስት ጫፍ መንጠቆ ሁለት ቦታ የተንጠለጠለባቸውን ግን ተውናቸው። ሣር ይለቅማሉ፤ የሚመለሰውንም ትንሽ ዓሣ አፉን ይቀዱታል።

በክሩ ላይ ተለያየን። ልጁ የተጎነጎነውን ክር ፈለገ፤ በሣር መካከል የሚያዋጣው እርሱ ነው አለ። ዋጋው ከናይለኑ ብዙ እጥፍ ነበር። እኛ ቁጠባን አስበን ባለ 12 ፓውንዱ ናይለን ይበቃል አልን። ልጁ አልተከራከረንም።

ቅዳሜ ፈጅርን ሰግደን ወደ ሊሲልቬኒያ ሄድን። ከከተማው በስተደቡብ በቨርጂኒያ በኩል ያለ የወንዝ ዳር መናፈሻ ነው፤ ባቡር በጫካው መካከል ያልፋል። አባት የፈቃድ ወረቀት ገዝቶ ነበር፤ ልጁ 16 ዓመት ስላልሞላው አያስፈልገውም። መንጠቆውን ለማሰር ሲታገል አባቱ ዝም ብሎ አየውና ክሩን ከእጁ ተቀበለ። አምስት ጊዜ ጠመዘዘው፣ በቀለበቱ አሾለከው፣ በምራቁ አርጥቦ ቀስ ብሎ ሳበው። ናይለን ደርቆ ከተሳበ በፍትጊያው ሙቀት እንደሚደክም የሚያውቀው በልጅነቱ ሐይቅ ዳር በእንጨት ዘንግ ቆሮሶ ሲያጠምድ ኖሮ ነው። ልጁ ይህን ሰምቶ አያውቅም ነበር። «አባ፣ አንተ?» ብሎ ቀረ።

መጀመሪያ የወጣው ባስ 11 ኢንች ሆነ። በዚያ ወቅት ከ12 ኢንች በታች መያዝ ስለማይፈቀድ ልጁ እጁን በውኃ አርሶ ለቀቀው፤ በደረቅ እጅ የተያዘ ዓሣ የቆዳው ልጋግ ይላጣልና። ቀጥሎ የፕላስቲኩን እንቁራሪት በሣሩ ላይ ሲያንሸራትት ውኃው ፈነዳ። ጥቁር፣ ረጅም፣ ጭንቅላቱ እባብ የሚመስል ነገር ታየ። ዘንጉ ጎበጠ፤ ዓሣው ሣሩ ውስጥ ጠለቀ፤ ክሩ ተበጠሰ። የተበጠሰው ከቋጠሮው አልነበረም። ቋጠሮው ከነእንቁራሪቱ ከዓሣው ጋር ሄደ። ልጁ ወደኛ አላየም፤ እኛ ግን ወደ መሬት አየን። በኛ ቁጠባ አንድ ፍጡር አፉ ላይ መንጠቆ ይዞ ቀረ።

ያ ዓሣ ከእስያ የመጣ ነው። በ2002 በሜሪላንድ ክሮፍተን በአንድ ኩሬ ተገኘ፤ በ2004 በፖቶማክ ታየ። አየር መተንፈስ ይችላል። ከነሕይወቱ ይዞ መሄድ ክልክል ሲሆን ባለሥልጣናቱ የያዘ ሰው ገድሎ እንዲበላው ያበረታታሉ። አባት «እባብ ነገር ይበላል እንዴ?» ብሎ ነበር። ስሙና መልኩ ነው እንጂ ቅርፊትና ክንፍ ያለው ዓሣ ነው አልነው። ከዚህ ወንዝ የሚበላ ሁሉ ግን በፋብሪካ ኬሚካል ምክንያት በልክ እንዲሆን፣ በተለይ ለነፍሰ ጡሮችና ለሕፃናት እንዲጠነቀቁ የጤና ምክር ወጥቷልና ያንን አንብበን ነው የሄድነው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ የተጎነጎነውን ክር የገዛው አባት ነው፤ ከኛ ጋር አልተማከረም። የሐይቁ ቋጠሮ በዚህ ክር ላይ ሙልጭ ብሎ ወጣ። አሁን ተራው የልጁ ሆነና ክሩን አጥፎ በድርቡ የሚታሰረውን አሳየው፤ አባት ሁለት ጊዜ ተሳስቶ በሦስተኛው አሰረ። ከዚያ ዘንጉን አልመለሰም። እንቁራሪቱን ወርውሮ ውኃው ሲፈነዳ ወዲያው ሳበ፤ ባዶ መጣ።

«አባ፣ ቸኮልክ። ይዟት እስኪጠልቅ ትንሽ ቆይ።»

ደግሞ ወረወረ። ደግሞ ቸኮለ። ዙሁር ገብቶ ኖሮ እኛ ውዱእ አድርገን ከዛፉ ሥር ስንጠብቃቸው፣ አባት ወደኛ ሳይዞር ጣቱን አንሥቶ «አንድ ጊዜ ብቻ» አለ። ልጁ አጠገቡ ቆሞ እስከ ሦስት ይቆጥርለታል።