ደወሉና ትምህርቱ

ስትሮክ የመታው ሰው እግሩ ሲደርቅ ጎረቤት ሁሉ «እግሩን እሹት» ይላል። ነገሩ ግን ወዲህ ነው፤ የተጎዳው እግሩን የሚያዘው አንጎል ነው። ጡንቻን የሚያረጋጋው ትእዛዝ ሲጓደል እግር ይገተራል።

እ.ኤ.አ. በ1985 አንቶኒ ባርከርና ባልደረቦቹ በእንግሊዝ አገር፣ ሼፊልድ ከተማ፣ የራስ ቅል ሳይከፈት አንጎልን በመግነጢስ ኃይል ከውጭ ቀስቅሰው ጡንቻ አንቀሳቀሱ። ዛሬ ዘዴው ለደረቀ እግርም ይሞከራል። ሆኖም የእግር ማዘዣው በሁለቱ የአንጎል ክፍሎች መካከል ጠልቆ ስለሚገኝ ከእጅ ይበልጥ ያስቸግራል።

ቀኝ እግራቸው የደረቀባቸው አባቴ ይህን ስነግራቸው፣ «ታዲያ መሣሪያው ያስኬደኛል?» አሉኝ።

«ብቻውንማ አያስኬድም፤ ልምምድ ይፈልጋል» አልኳቸው።

ደወል ተማሪን ክፍል ያስገባል እንጂ አያስተምርም። የተጎዳ አንጎልም በመደጋገም ይማራል። ጓደኞቼ፣ ቤታችሁ እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ካለ ሐኪም አማክሩ፤ ከዚያ ደግፋችሁ በየቀኑ አለማምዱት።